አባቴ የገዛልን የእሽቅድድም መኪና ከ40 ዓመት በኋላ ይነሳ ይሆን?

ስድስት ጎማ (ለንደን)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ። የማወራውም አለኝ።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ሰሞኑን ከእናቴ ጋር ዕቃ ስናስተካክል ከጣሪያው ሥር አንድ ትልቅ ካርቶን አወረድን። በሲባጎ ታስሯል። ውስጡ ምን እንዳለ አላወቅኩም፣ ማን እንዳሰረው ግን ወዲያው አወቅኩ። የጭነት መኪና ሹፌር ቋጠሮ ነው። ስፈታው ስካሌክስትሪካችን ሆኖ ተገኘ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እየተገጣጠመ የሚዘረጋ ጥቁር የፕላስቲክ መንገድ አለ። መንገዱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀጫጭን ቦይ አለ። ከእያንዳንዱ ቦይ ግራና ቀኝ የብረት ሀዲድ ተያይዟል፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በእሱ ነው። መዳፍ የምታህል መኪና ከሆዷ ሥር ምላስ አላት። ምላሷን ቦዩ ውስጥ ታስገባለህ፣ እጀታህን ትጨብጣለህ፣ ምላጩን ስትስብ ትበራለች። መሪ የለም። ፍሬን የለም። ያለህ አንድ ጣት ብቻ ነው። በዝተህ ከሳብክ ኩርባው ላይ ከቦዩ ወጥታ ሶፋ ሥር ትገባለች።

ለንደን የመጣነው በ1979 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 7 ዓመቴ ነበር። አባቴ አገር ቤት ኤንትሬ የሚባለው ከባድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ የአሰብን መንገድ እንደ ግቢው ነው የሚያውቀው። ለንደን ያገኘው ግን የሌሊት ጽዳት ሥራ ነው። ቀን ይተኛል፣ እኛ በእግር ጣታችን እንሄዳለን። ታዲያ በ1981 የፈረንጆቹ ገና ሲያልፍ የመጫወቻ ዋጋ ወረደ። የእኛ ገና ደግሞ 13 ቀን ይቀረዋል። አባቴ ይህን አስልቶ ኖሯል። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ሳሎኑ መሃል ተዘርግቶ ጠበቀን።

በሳምንቱ አንደኛውን እጀታ ደረጃ ላይ ጣልኩት። ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ። አለቀስኩ። አባቴ ምንም አላለኝም፣ ሌሊት ሥራ ቦታ ይዞት ሄደ። ጠዋት በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ አመጣው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ የእኛ ቀን ሆነ። እኔ ባለ ስድስት ጎማዋን እይዛለሁ፣ አባቴ ሌላዋን። ያችን ስድስት ጎማ ከትምህርት ቤት ባዛር ነው ያገኘኋት። ማርች የሚባል የእንግሊዝ የውድድር መኪና ነች፣ ፊት 2 ጎማ፣ ኋላ 4 ጎማ። የአባቴ መኪና ስትነሳ ደህና ትሄድና መሃል ላይ ዘልላ ትፈተለካለች። እኔና እህቴ እንስቃለን። እሱ «ኤንትሬ የለመደ ሰው ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ» ይለናል። ኩርባ ላይ ግን አይገለበጥም። እኔ ስገለበጥ ሁልጊዜ የሚለኝ ይህን ነበር፦ «ኩርባ ውስጥ ገብተህ አትቀንስ። ሳትገባ ቀንስ። ጣርማ በር ላይ ይህን ያላወቀ ገደል ይገባል።»

አሁን ጥያቄዬ፦ ይህ ዕቃ ይነሳል? ገና ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ፈራሁ።


ብየዳ (ኑርንበርግ)

ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ወንድሜ። አለመሰካትህ ጥሩ አደረግህ። አሁንም አትስካው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ካሬራ የሚባለው የጀርመን የቦይ መኪና የተወለደባት ፉርት ከተማ ከቤቴ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ነች። እዚህ አካባቢ ያደገ ጀርመናዊ ሁሉ ስለ እነዚህ መኪናዎች ስታነሳበት ፊቱ ይበራል። ስለዚህ ብዙ አሮጌ ስብስብ በእጄ አልፏል።

መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ተወው። የ40 ዓመት ገመድ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መንገዱ የሚፈልገው 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ አዲስ ማቅረቢያ በርካሽ ታገኛለህ። አሮጌውን ለትዝታ አስቀምጠው።

ቀጥሎ ሞተሩን ፈትሽ። መንገዱ አያስፈልግህም። መኪናዋን ገልብጣት። ምላሷ አጠገብ ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ ሹሩባዎች ታያለህ። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሹሩባ ገብቶ፣ በሞተሩ ዞሮ፣ በሌላው ይወጣል። አራት ማዕዘኗን ባለ 9 ቮልት ባትሪ አምጥተህ ሁለቱን ጫፍ ሁለቱ ሹሩባ ላይ አስነካ። ጎማው ከዞረ ሞተሩ በሕይወት አለ። ወደ ኋላ ከዞረ አትደንግጥ፣ ባትሪውን ማዞር ነው። ካልዞረ በጣትህ አንዴ ዙር አስጀምረው፣ ዘይቱ ደርቆ ተጣብቆ ይሆናል። በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ለሞተሩ ዘንግ፣ አንዲት ለጎማው ዘንግ። አንዲት ነው ያልኩት! ዘይት ከበዛ ጎማና ሹሩባ ላይ ይረጫል፣ ከዚያ ሌላ ጣጣ ነው።

ሀዲዱ ዝጎ ይሆናል። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። ላዩ ላይ ያለው ልባስ ከተነሳ በየወሩ ይዝግብሃል። የእርሳስ ላጲስ ይበቃል። በላጲስ ፈግፍገህ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረገው። ሹሩባውን ደግሞ በመርፌ በተን በተን አድርገው፣ እንደ ጎፈሬ ይንፋ። ሀዲዱን የሚነካው ፀጉር በበዛ ቁጥር መኪናዋ አትደናቀፍም።

ማርችህን ፎቶ አንስተህ ላክልን እባክህ። እውነተኛዋ መኪና የተሠራችው በ1976 እና 77 ነው (እኔም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዲዛይነሩ ሮቢን ኸርድ ነው። ሐሳቡ ኋላ ያሉት አራቱም ጎማዎች እንዲገፉና ከፊት ጎማ ያልበለጡ ሆነው አየሩን እንዳያግዱ ነበር። ተሞክራለች እንጂ በፎርሙላ 1 ታላቅ ውድድር አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈችም። በእናንተ ሳሎን ግን ስንት መቶ ጊዜ ተሰልፋለች!


ሰማያዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንዴት ደስ የሚል ውይይት ነው! ወንድሜ ስካሌክስትሪክ ነበረው። እኔ የሱ «መኪና መላሽ» ነበርኩ። ከቦዩ የወጣችውን ማንሳትና መልሶ ማስገባት ሥራዬ ነበር። አንዴ አንዴ እጀታ ሲሰጠኝ ሁልጊዜ የውጪውን ቦይ ይሰጠኛል። ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። በ9 ዓመቴ የውጪው መንገድ ረጅም እንደሆነ ጠረጠርኩ። በክር ለካሁት። እውነት ነው! ክሩን ለአባታችን አሳየሁት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየ5 ዙሩ ቦይ መቀያየር ግዴታ ሆነ።


ብየዳ

ሰማያዊት፣ የለካሽው ልክ ነው። ሁለቱ ቦዮች በመካከላቸው 8 ሳንቲሜትር ገደማ አላቸው። መንገዱ ክብ ወይም ሞላላ ከሆነ የውጪው ቦይ በአንድ ዙር ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚገርመው መንገዱ ትልቅ ሆነ ትንሽ ልዩነቱ ያው ግማሽ ሜትር ነው። በ10 ዙር 5 ሜትር ማለት ነው። መድኃኒቱ መንገዱን እንደ ስምንት ቁጥር አቋርጦ መዘርጋት ነው። ያኔ አንዱ ኩርባ ላይ ውስጥ የነበረ ሌላው ላይ ውጪ ይሆናል፣ ይካካሳል። ለወንድምሽ ይድረሰው።


የገዳም ሰፈር ሰው (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም እበልጣለሁ መሰለኝ። 70 አልፎኛል። የእኔን ልንገራችሁ።

በ1958 ዓ.ም. አጎቴ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ አውሮራ የሚባል ይዞልን መጣ። የእናንተ መዳፍ ታህላለች አላችሁ። የእኛ የአውራ ጣት ያህል ነበረች። ተንደርጄት ትባላለች። ሞተሯ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆኖ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፣ ከላይ ጥርስ ጥርስ ያላቸው ጥቃቅን ጎማዎች አሉበት። ክዳኗን አንስተን ሲዞሩ እያየን ብቻ ግማሽ ቀን እንውል ነበር። መኪናዋን ከመንዳት ሆዷን ማየት ይበልጥብን ነበር ብል አልዋሸሁም።

ግን የመጀመሪያው ቀን በልቅሶ ነው ያለቀው። ዕቃው የተሠራው ለአሜሪካ 110 ቮልት ነው። የእኛ 220። ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ አጎቴም የተማረው ሕግ ነው። ሰካነው። አንዲት ጊዜ እንደ ጥይት ተፈተለከች። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ጨሰ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ሁለት ወር ተቀመጠች። በኋላ አንድ የሰፈራችን መካኒክ «ይቺ የባትሪ ነገር ነች» አለን። የአጎቴን ቮልስ ባትሪ አወጣን። 6 ቮልት ነው። መኪናዋ ሄደች፣ ግን እንደ ኤሊ። ኩርባ ላይ ቆማ ታስባለች። ልባችን ተሰበረ።

አጥራችን ሥር አንድ የሴቼንቶ ታክሲ ያድር ነበር። ሰማያዊና ነጩን ታውቁታላችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁን ጠይቁ። የሱ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ባለ ታክሲውን ለመንነው። መጀመሪያ «ባትሪዬን ልትጨርሱብኝ?» ብሎ ተቆጣ። በኋላ ተስማማ። ማታ ሲገባ ግማሽ ሰዓት ባትሪውን ይሰጠናል። እኛ ደግሞ እሁድ ጠዋት ታክሲውን እናጥባለን። ባትሪውን ለሁለት ተሸክመን ሳሎን እናስገባለን፣ እናቴ ምንጣፉ ላይ አሲድ እንዳይፈስ ጆንያ ታነጥፋለች። ሽቦውን ስናስነካ ተንደርጄቷ እንደ ንብ ጮኸች። ያን ቀን የነበረው ደስታ... እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ልጅም ድሬያለሁ። እንደዚያ ቀን የጮህኩበትን ግን አላስታውስም።

በሁለተኛው ሳምንት ባለ ታክሲው ራሱ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ማታ ከእኛ ጋር ይነዳል።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ታክሲውን አንዳንዴ በግፊ ነበር የሚያስነሳው። እኛ ጨርሰንበት ይሆን?


ብየዳ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ይህን ሸክም ከልብዎ ያውርዱት።

ተንደርጄት የምትወስደው ኤሌክትሪክ ከ1 አምፔር በታች ነው። ሁለት መኪና በአንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢሮጡ 1 አምፔር-ሰዓት አይሞላም። ደህና የሚባል የትንሽ መኪና ባትሪ ከ30 አምፔር-ሰዓት በላይ ይይዛል። የእናንተ ጨዋታ ለሱ ከወንዝ በጭልፋ እንደመቅዳት ነው። በግፊ ይነሳ የነበረው ባትሪው አርጅቶ ወይም ዲናሞው ደክሞ ነው። እርስዎ አልበደሉትም።


የገዳም ሰፈር ሰው

ተባረክ ልጄ። 60 ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ቀለለኝ።


ቆርኪ (ደሴ)

እኛ ሀዲድ ያለው መኪና ይቅርና መብራትም አልነበረንም። የሽቦ መኪና ነበር። ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ረጅም ሽቦ፣ ከኋላ እየሮጥክ ትነዳለህ። ሞተሩ አፍህ ነው፣ ማርሽ ስትቀይር ድምፁን ትቀይራለህ። ግን ስድስት ጎማ፣ የአባትህ ቃል ገረመኝ። እኛም ቁልቁለቱ ላይ «ሳትገባ ቀንስ» ነበር የምንባባለው። ጣርማ በርን የሚያውቁ ሹፌሮች ልጆች ስለነበርን ይሆናል። ነፍሳቸውን ይማር።


ቀጥታ መስመር (ቶሮንቶ)

ትዝታው ደስ ይላል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ለልጄ አዲሱን ገዝቼለታለሁ። ዲጂታል ነው፣ አንድ ቦይ ላይ ብዙ መኪና ይሄዳል፣ አዝራር ተጭነህ ቦይ ትቀይራለህ፣ ትቀድማለህ። ከመኪናው ሥር ማግኔት አለ፣ ሀዲዱን ይዞ ስለሚያጣብቀው ኩርባውን በሙሉ ኃይል ትገባለህ። አሮጌው በየኩርባው መገልበጥ ነው። ስድስት ጎማ፣ አሮጌውን መደርደሪያ ላይ አድርገህ ለልጆችህ አዲሱን ብትገዛ ይሻላል ባይ ነኝ።


ብየዳ

ወንድሜ፣ ቦይ መቀየሩን ወድጄልሃለሁ። ስካሌክስትሪክ ዲጂታሉን ያወጣው በ2004 ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። በማግኔቱ ግን አልስማማም። አጥብቄ አልስማማም።

ማግኔት የሌላት መኪና ኩርባ ላይ ጭራዋን ትወረውራለች። ምላሷ ቦዩን ይዟል፣ ኋላዋ ወደ ውጪ ይንሸራተታል። ጎበዝ ነጂ ያን መንሸራተት በጣቱ ይጠብቀዋል። ትንሽ ለቀቅ፣ ትንሽ ሳብ። ቁጥሩን አስበው። 32 ጊዜ ያነሰች መኪና በሰከንድ 3 ሜትር ብትሄድ፣ ወደ ትልቁ ስትመልሰው በሰዓት ወደ 345 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ፍጥነት ኩርባ ላይ የምትወስነው አንዴ ዓይንህ እስኪጨፈን ባለች ጊዜ ነው። ማግኔቱ ግን ውሳኔውን ይወስድብሃል። በሙሉ ኃይል ከገባህና ካልወጣህ ምን ተማርክ? ከዚያ ደግሞ ማግኔቱ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቀው፣ ማስጠንቀቂያ የለውም። መኪናዋ ግድግዳ ጋ ትገኛለች።

ከልጅህ መኪና ማግኔቱን አንድ ቀን አውጣለት። አብዛኛው በብሎን ወይም በክዳን ነው የተያዘው። መጀመሪያ ቀን ይናደዳል። በሳምንቱ መልሰህ ብታስገባው እምቢ ይልሃል።


የቤይሩቷ

እኔ የዚህ መኪና ትዝታዬ የልጅነት አይደለም። ግን ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1998 (በፈረንጅ) ቤይሩት ሰው ቤት እሠራ ነበር። 22 ዓመቴ ነው። የቤቱ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ሥራ ውለው ማታ ነው የሚገቡት። ለልደቱ ይህ መጫወቻ ተገዛለት። ሳሎን ተዘረጋ። እኔ በር ላይ ልብስ እየተኮስኩ አየዋለሁ።

ብቻውን ነው የሚጫወተው። እጀታው ደግሞ ሁለት ነው። ምን ያደርጋል መሰላችሁ? አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይይዛል። ራሱን ከራሱ ያወዳድራል። ሁልጊዜ ቀኝ ያሸንፋል። ግራው ይገለበጣል። ሲገለበጥ ቀኝ እጁ ይጨፍራል፣ ግራ እጁን ይቆጣዋል። ሦስት ቀን እንዲህ አደረገ። በአራተኛው ቀን ካውያውን ነቀልኩና ሄጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግራውን እጀታ ሰጠኝ።

ምንም ነገር ነድቼ አላውቅም። ብስክሌት እንኳ። መጀመሪያ በየኩርባው እየወጣሁ አስለቀስኩት። በሳቅ ነው ታዲያ። በኋላ ገባኝ። ምላጩን መሳብ ቀላል ነው፣ ከባዱ መልቀቁ ነው። ወር ሳይሞላ አሸነፍኩት። ከዚያማ በቃ፣ በየቀኑ ከ10 ሰዓት በኋላ ሥራዬን አጣድፌ እጨርሳለሁ። ዙር በአረብኛ መቁጠር እሱ አስተማረኝ። እኔ በአማርኛ አስተማርኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲጮህ እናቱ «ምን ቋንቋ ነው?» አለች።

ቤይሩት ያኔ መብራት በየቀኑ በሰዓት ይጠፋ ነበር። ውድድሩ መሃል መኪናዎቹ ባሉበት ይቆማሉ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ምላጩን የያዘ ሰው ካለ፣ መብራቱ ሲመጣ መኪናው ዘልሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሕግ አወጣን። መብራት ሲጠፋ ሁለታችንም እጃችንን ወደ ላይ እናነሳለን። ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰው እጁን አንሥቶ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ መብራት ሲጠፋ እጄን ማንሳት ይቃጣኛል።

5 ዓመት አብረን ነድተናል። አሁን 30 አልፎታል። የት እንዳለ አላውቅም። እናንተ ስታወሩ እሱን አየሁት።


ሰማያዊት

እህቴ፣ አስለቀሽኝ። «ከባዱ መልቀቁ ነው» ያልሽውን ለወንድሜ አሁኑኑ ላኩለት።

ጥያቄ አለኝ፣ የሚያውቅ ካለ። መጀመሪያ ይህን ያሰበው ማን ነው?


ስድስት ጎማ

ሰማያዊት፣ ከካርቶኑ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ ነው የሰነበትኩት፣ ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ኤሌክትሪክ ያለው የእሽቅድድም መኪና በአሜሪካ ጥንትም ነበር። ባቡር የሚሠራው ሊዮኔል በ1912 አውጥቶ ነበር፣ ግን ብዙ ዓመት አልቆየም። የእኛን የፈጠረው ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሚኒሞደልስ የሚል ድርጅት ነበረው። በ1952 ስካሌክስ የሚሉ የቆርቆሮ መኪናዎች አወጣ፣ እንደ ሰዓት በጥምዝ የሚሄዱ። ልጆች ወደዷቸው። ግን ትለቃቸዋለህ፣ ይሄዳሉ፣ ያልቃል። አንተ ምንም አታደርግም። ፍራንሲስ የቆርቆሮ መኪናው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሞተር ከተተና ከላስቲክ በተሠራ መንገድ ላይ ቦይ አወጣለት። ስካሌክስ እና ኤሌክትሪክ የሚሉትን ቃላት ገጥሞ ስካሌክስትሪክ አለው። በጥር 1957 ሃሮጌት ከተማ በተደረገው የመጫወቻ ዐውደ ርዕይ ላይ አሳየው። የመጀመሪያዎቹ ማሴራቲ 250ኤፍ እና ፌራሪ 375 ነበሩ። ትእዛዙ ስለበዛበት በ1958 ላይንስ ብራዘርስ ለሚባል የመጫወቻ ድርጅት ሸጠው። መኪናዎቹ ከቆርቆሮ ወደ ፕላስቲክ የተለወጡት ከ1960 ጀምሮ ነው።

አንድ ነገር በጣም ነካኝ። መጀመሪያ ላይ እጀታ አልነበረም። አዝራር ነው። ተጫንክ፣ ሙሉ ኃይል። ለቀቅክ፣ ባዶ። መሃል የለም። መሃሉ በኋላ ነው የመጣው። የእኛ እሁዶች በሙሉ እዚያ መሃል ላይ ነው ያለፉት።


ብየዳ

ቆንጆ ነው። ስለ እኛ ሰፈርም ልጨምር። ካሬራን በ1963 ያወጣው ሄርማን ኖይሂርል ነው፣ የቤተሰቡ ድርጅት ከ1920 ጀምሮ ፉርት ውስጥ የቆርቆሮ መጫወቻ ይሠራ ነበር። ስፔን ደግሞ ስካሌክስትሪክን በፈቃድ የሚሠራ ኤክሲን የሚባል ፋብሪካ ባርሴሎና ውስጥ ነበረ። እዚያ ቃሉ ራሱ የተለመደ ስም ሆነ። ማድሪድ አቶቻ ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረውን ተደራራቢ የመኪና ድልድይ ሕዝቡ «ስካሌክስትሪክ» ነበር የሚለው። በ1985 ነው የፈረሰው።

ስድስት ጎማ፣ መኪናዋስ?


ስድስት ጎማ

ይቅርታ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁ። ሥራ ላይ ነበርኩ። እየሠራሁ ያለሁት ሥራ ይህ ነው!

በባትሪ ፈተሽኳት። ማርቿ አልተነሳችም። በጣቴ አንዴ ሳዞራት ተንፈስ አለችና ዞረች። ዘይት፣ አንዲት ጠብታ። ሀዲዱን ልጄ በላጲስ ስትፈገፍግ ዋለች፣ 11 ዓመቷ ነው። ላጲሱ ጥቁር ሆነ። አዲስ ማቅረቢያ ገዛሁ። ትናንት ማታ በ3 ሰዓት ሰካነው።

ሄደች።

ድምፁን ረስቼው ነበር። ሽታውንም። የጋለ ዘይትና የእሳት ብልጭታ ሽታ። እናቴ ከወጥ ቤት እጇን ሳትጠርግ መጣች፣ በር ላይ ቆመች። ልጄ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ገለበጠቻት። ሳላስበው «ኩርባ ውስጥ ገብተሽ አትቀንሺ» ብዬ ጀመርኩ፣ የቀረውን እናቴ ጨረሰችው።

አንድ ችግር አለ። ሁለተኛው ቦይ አይሠራም። የአባቴ ነው። ሀዲዱ ደህና ነው፣ ምክንያቱም እጀታዎቹን ሳቀያይር ችግሩ አብሮ ይሄዳል። ፕላስተር የተጠቀለለበት እጀታ ነው የሞተው።


ብየዳ

በጣም ጥሩ ፈትሸሃል። እንግዲህ እጀታው ነው። ፕላስተሩን ቀስ ብለህ አንሳና ብሎኖቹን ፍታ። ውስጡ እንደ ክር ጥቅልል የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ታያለህ። ምላጩን ስትስብ አንዲት የብረት ምላስ በጥቅልሉ ላይ ትንሸራተታለች። መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪኩ ብዙ ሽቦ ማቋረጥ ስላለበት ደክሞ ይደርሳል፣ መኪናዋ ዝግ ትላለች። ጨርሰህ ስትስብ ሽቦ አያቋርጥም፣ ሙሉ ኃይል ነው። ከሽቦው አንድ ቦታ ከተበጠሰ ምላሷ ያን ቦታ እስክታልፍ ኤሌክትሪክ አይደርስም። ፎቶ አንሥተህ ላክ።


ስድስት ጎማ

ፈታሁት። ፎቶው ከታች አለ። ጥቅልሉ መሃል ላይ ተበጥሷል። ግን አዲስ አይደለም። በጣም የቆየ ነው። የተበጠሰውን ቦታ አንድ ሰው በመዳብ ሽቦ አሥሮታል። ቋጠሮውን አያችሁት? ካርቶኑ ላይ ያለው ቋጠሮ ነው።


ብየዳ

አየሁት። በጣም ንጹሕ ሥራ ነው፣ ያለ ብየዳ ብረት። አባትህ በተበጠሰው ቦታ ያሉትን በርካታ ዙሮች በአንድ መዳብ ዘልሏቸዋል። አሁን የሞተው መዳቡና የብረቷ ምላስ ስለሻገቱ ነው፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጋቸው፣ ይነሳል።

አንድ ልጠይቅህ። ይህ እጀታ ሲሠራ፣ ምላጩ መሃል ሲደርስ መኪናዋ ትዘል ነበር? መዳቡ ሽቦውን ስለሚያሳጥረው ኃይሉ እዚያ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። በዚህ እጀታ ኩርባ መግባት እጅግ ከባድ ነው።


ስድስት ጎማ

ትዘል ነበር። ሁልጊዜ። «ኤንትሬ የለመደ ሰው ነው» ይለን ነበር።

ደረጃ ላይ የጣልኩት እጀታ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም እንዲይዛት ፈቅዶ አያውቅም። እህቴ አንዴ ልታነሳት ስትል «ያቺ የኔ ናት» ብሎ ቀማት። አስታወስኩት።


የገዳም ሰፈር ሰው

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።


የቤይሩቷ

አሜን።


ብየዳ

አሜን። ወንድሜ፣ ከፈለግህ አዲስ ጥቅልል ሽቦ ከዚህ እልክልሃለሁ። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ እንደ አዲስ ይሆናል።


ስድስት ጎማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አትላክልኝ። በጥጥ ጠረግኩት፣ ሠራ። መሃል ላይ ትዘላለች። አዲስ ፕላስተር ጠቀለልኩበት።

እሁድ እህቴ ትመጣለች። መንገዱን እንደ ስምንት ቁጥር ነው የምንዘረጋው። ስድስት ጎማዋን ለእሷ እሰጣታለሁ። ይቺን እጀታ እኔ ነኝ የምይዛት።